ሸማው ያለ ስም፣ ኅትመቱ ከነፊርማው

ከአራት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚያቀናው መንገድ ስለ ጨርቅና ስለ ኅትመት ጥበብ ብዙ ያሳያል። አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ስድስት ኪሎ ሲደረስ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የልዩ ልዩ ሕዝቦችን አልባሳትና ቁሳቁስ ከአብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። የአለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በትምህርት ዘመኑ ማብቂያ የመመረቂያ ሥራቸውን ለሕዝብ ሲያቀርቡ፣ ከሥዕሉና ከቅርጻ ቅርጹ መካከል ኅትመቶችም አይጠፉም። ሽቅብ ሲወጣ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፎ፣ ሽሮ ሜዳ ይመጣል። በሙዚየሙ መስታወት ውስጥ በጸጥታ የተቀመጠው ሸማ እዚያ ገመድ ላይ ተሰቅሎ፣ በእጅ እየተዳሰሰ፣ ዋጋ እየተጠራበት ገዢ ይጠብቃል።

በዚህ መንገድ ላይ ከሚታዩት ሥራዎች ግርጌ የተጻፈውን በጥንቃቄ ላነበበ ሰው አንድ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። ኅትመቱ ሥር በእርሳስ የተጻፈ ስም፣ ዓመትና ቁጥር አለ። ሸማው ሥር ግን የአካባቢ ስም፣ ቢበዛ የብሔረሰብ ስም ብቻ ይገኛል። የሽሮ ሜዳው ሸማ ደግሞ ያም የለው፤ የነጋዴው ስልክ ቁጥር ያለበት ካርድ ይበቃዋል። በእጅ የተሠሩ፣ ትዕግሥትና ስሌት የጠየቁ ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንዱ ባለቤት አለው፣ ሌላው የለውም። የጨርቅ ጥበብን የሚያሳይ ዐውደ ርዕይ የሸማኔውንና የፈታይዋን ስም ከኅትመቱ ፊርማ እኩል እስካልጻፈ፣ የሥራውንም ሂደት እስካላሳየ ድረስ፣ ለተመልካች የሚያቀርበው የሥራውን ግማሽ ነው። ይህን አሳብ የሚቃወሙ ምክንያቶች አሉ፤ አንዳንዶቹም ክብደት አላቸው።

ኅትመት የማን ቅጂ ነው?

ከኅትመቱ መጀመር ይሻላል፣ ምክንያቱም እሱም ቢሆን ስሙን በቀላሉ አላገኘም። ብዙ ጎብኚ ከኅትመት ፊት ቆሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ዋናው የት አለ?» የሚል ነው። ሥዕል ሰብሳቢዎችም ቢሆኑ በሸራ ላይ ለተሣለው የሚከፍሉትን ለወረቀቱ ለመክፈል ሲያመነቱ፣ የሚያቀርቡት ምክንያት ሥራው ከአንድ በላይ መኖሩን ነው። ጥያቄው የሚነሣው ሂደቱ ስለማይታወቅ ነው።

የእንጨት ኅትመት ሲሠራ ሠዓሊው ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን ሁሉ ከጣውላው ላይ በመሮ ፍቆ ያወጣል። ሳይነካ የቀረው ገጽ ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ይደረብበታል፤ በፕሬስ ወይም በማንኪያ ጀርባ ይታሻል። ወረቀቱ ሲነሣ ምስሉ ተገልብጦ ይወጣል፣ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ። ፊደል ያለበት ሥራ ከሆነ ሠዓሊው ገና ሲቀርጽ ፊደሉን ገልብጦ ማሰብ አለበት። በብረት ሰሌዳ ሲሆን ሂደቱ ይረዝማል። ዚንክ ወይም መዳብ አሲድ በማያልፈው ሽፋን ይለበጣል፤ ሠዓሊው ሽፋኑን በሹል ብረት እየጫረ ይሥላል፤ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ የተጫረው መስመር ብቻ ይበላል። አሲዱ ውስጥ በቆየ ቁጥር መስመሩ ይጠልቃል፤ በጠለቀ ቁጥር ብዙ ቀለም ይይዛል፣ ጥቁረቱም ይበረታል። ከዚያ ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ፣ ገጹ ተወልውሎ፣ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በከባድ ፕሬስ ሥር ያልፋል። በዚህ ሁሉ መካከል ቀድሞ የነበረ «ዋና» ሥዕል የለም። ጣውላው ወይም ብረቱ መሣሪያ ነው፤ ሥራው የሚወለደው ወረቀቱ ላይ ነው። ከሥሩ 3/20 ተብሎ ከተጻፈ፣ ሠዓሊው ከዚህ ሰሌዳ 20 ብቻ ሊያወጣ ቃል እንደገባና ይህኛው 3ኛው እንደሆነ መግለጹ ነው።

ቀርቦ ለሚያይ ተመልካች ማስረጃው ወረቀቱ ላይ ነው። በብረት ሰሌዳ የታተመ ሥራ ዙሪያውን የብረቱ ጠርዝ የረገጠው ስርጉድ መስመር ይኖረዋል። በእንጨት የታተመው ላይ የጣውላው ጭረትና ዓይን ሳይቀር ጥቁሩ ውስጥ ይነበባል። መሮው ያዳለጠበት፣ ቀለሙ የሳሳበት ቦታ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ይለያያል። ከፎቶ ኮፒ የሚለየውም ይኸው ነው፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ እጅ ዳግም ሠርቷል።

*ሥራው የሚወለደው ወረቀቱ ላይ ነው።*

«ከውጭ የመጣ ጥበብ ነው» የሚለው ሌላው ተቃውሞ ከፊሉ እውነት ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ የእንጨት ኅትመትን ካስተማሩት አንዱ፣ ኑሮውን በብራዚል አድርጎ የነበረው ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ ነው። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። በዚያ ዘመን በትምህርት ቤቱ ካለፉት መካከል ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ይገኙበታል። በእንጨት ኅትመት የጀመሩት እኚህ ሠዓሊ ኋላ በቀርከሃ ስንጥሮች ላይ የብራና ክታብን የሚያስታውሱ ሥራዎች ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ተሸልመዋል። ነገር ግን የታተመ ምስል ኢትዮጵያ የደረሰው ከዚህ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ መባቻ ሮም በሚገኘው የሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል በእንጨት ኅትመት ሥዕሎች የተሞላ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች እነዚያን ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ለወንጌል ብራናዎቻቸው መነሻ አድርገው፣ ቀለም አልብሰው፣ ልብሱንና ፊቱን ወደ ራሳቸው ለውጠው ሣሉባቸው። ዛሬ «የጎንደር አሣሣል» ተብሎ በኩራት ከሚጠራው ውስጥ ከጣውላ ላይ በመሮ የተፈለፈለ መስመር አለበት ማለት ነው። ኅትመት ለኢትዮጵያ ሥዕል እንግዳ ነው የሚል ሰው ይህን ታሪክ ማስተባበል ይኖርበታል።

ከባዘቶ እስከ ጥለት

ሸማው ደግሞ በተቃራኒው ቤተኛነቱ ጎድቶታል። ሁሉም ስለሚለብሰው ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል። ለበዓል ነጠላ የሚያጣፋ፣ በብርድ ጋቢ የሚደርብ ሰው ነጠላው ሁለት፣ ጋቢው አራት ድርብ መሆኑን ሊያውቅ ይችላል። ከዚያ በስተጀርባ ያለውን የእጅ ብዛት ግን ጥቂቱ ብቻ ያስበዋል። ጥጡ ከፍሬው ይዳመጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይወጣዋል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። እዚህ ላይ የሚባክነው ጊዜ ከሽመናው ጊዜ እንደማያንስ ሸማኔዎቹ ራሳቸው ሲናገሩ ይሰማል። በዛሬው ሸማ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን አሁንም በእጅ የተፈተለ ሊሆን ይችላል። ሸማውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። የፋብሪካው ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ የእጁ ፈትል ግን እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን እያለ ጨርቁን ትንፋሽ ያለው ያስመስለዋል።

ሸማኔው ከመሸመኛው ጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ ድሩን ከፍና ዝቅ እያደረገ፣ ማጉን በቀሰም የያዘውን መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያመላልሳል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ይቆማል። የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ እያነሣ፣ ባለቀለሙን ክር በየክፍሉ ያስገባል። በየረድፉ ቁጥሩ ይለወጣል፤ አንድ ክር ከተሳተ መስቀሉ ይጣመማል፣ ሦስት ማዕዘኑ ይዘነብላል። ከፊቱ የተነደፈ ወረቀት ላይኖር ይችላል፤ ንድፉ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ከጨንቻ ደጋ ወርደው አዲስ አበባ፣ ጉለሌና ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሰፈሩት የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ሸማኔዎች ይህን እውቀት ያገኙት ልጅ ሳሉ ከአባት ጎን ተቀምጠው ነው። ኅትመት የሚሠራው ሠዓሊ ምስሉን ገልብጦ ማሰቡ የሚደነቅ ከሆነ፣ ጌጡን ሁሉ ወደ ክር ቁጥር ለውጦ የሚያስበው ሸማኔም ያንኑ አድናቆት ይገባዋል።

ይህን እውቀት የያዘው ሰው ስም እንዴት ከመግለጫው ወጣ? አንዱ መልስ ታሪካችን ውስጥ አለ፤ ደስ የሚልም አይደለም። ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ ሁሉ በሥራው የሚፈለግ፣ በስሙ የሚሰደብ ሰው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ስድቡ ምን ያህል ተራ ነገር እንደነበር ያስረዳል። ሙያውን እንደ ውርደት በቆጠረ ኅብረተሰብ ውስጥ የሸማኔውን ስም ሸማው ላይ መጻፍ ለማንም የሚታሰብ አልነበረም። ሸማው ንጉሥም ካህንም ትከሻ ላይ ወጣ፤ የሠራው ሰው ከጉድጓዱ አፋፍ ቀረ። የዛሬው ሙዚየም ወይም ጋለሪ የሚሳደብ አይደለም። ዝምታውን ግን ወርሷል፤ ሳያስበው እስከ ዛሬ ይዞት ቀጥሏል።

ገበያው ውስጥ ያለው ሌላ «ፕሪንት»

በሽሮ ሜዳና በመርካቶ ጨርቅ ተራ ሁለቱ ጥበቦች በሌላ መልክ ይገናኛሉ፤ መገናኘታቸውም ለሸማኔው አልበጀም። የጥለትን መልክ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ አትሞ የሚያወጣ ምርት ገበያውን ሞልቶታል። ከሩቅ ሲታይ ጥበብ ቀሚስ ነው፤ ሲገለበጥ ጀርባው ባዶ ነው ወይም ቀለሙ ደብዝዟል። ዋጋው ዝቅተኛ፣ አጠባው ቀላል በመሆኑ የሚገዛውን ሰው መውቀስ አይገባም፤ የበዓል ልብስ ለልጆቿ ሁሉ ማልበስ የምትፈልግ እናት ኪሷን ማየቷ ተገቢ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ገዢው ልዩነቱን የሚማርበት ቦታ ስለሌለ፣ የእጅ ሥራው ለምን ውድ እንደሆነ የሚያስረዳ የለም፤ ሸማኔው ከማሽኑ ጋር በዋጋ ብቻ ይፎካከራል፣ በዚያ ፉክክርም ይሸነፋል።

ዐውደ ርዕይ ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። በሽመና የወጣ ጥለትና በፋብሪካ የታተመ ጥለት ጎን ለጎን ተሰቅለው፣ ጎብኚው የሁለቱንም ጀርባ እንዲያይ ቢፈቀድለት፣ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። የእንጨት ኅትመትም አጠገባቸው ቢሆን፣ በእጅ የታተመና በማሽን የታተመ አንድ እንዳልሆነ በዓይኑ ይፈርዳል። የጋለሪ ሰዎች ጨርቅን ግድግዳ ላይ አጥብቀው ሲለጥፉት ጀርባውን ይሸፍኑታል፤ ፊቱ ብቻ የቀረው ሸማ ደግሞ ከሐሰተኛው ለመለየት ያስቸግራል። ከጣሪያ ወርዶ ዙሪያውን የሚታይ ሸማ ግን የሥራውን ምስክር ይዞ ይንጠለጠላል።

*ጀርባው የተሸፈነ ሸማ ምስክሩን አጥቷል።*

የጎንደሩ ሐር

ስም አለመጻፍ ምን እንደሚያሳጣ ለማየት ወደ 18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር መመለስ ይበቃል። በዚያ ዘመን ለቤተ ክርስቲያን የተሠሩ፣ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው የሐር መጋረጃዎች ዛሬ አንዱ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛሉ። ለንደን የደረሰው የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከወሰዳቸው ቅርሶች ጋር ነው። የተሠሩበት ስልት ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ካርዶች እየዞሩ ድሩን የሚያጠላልፉበት ነው። በዚህ ስልት በየትም አገር የሚሠራው በአብዛኛው ጠባብ መቀነትና ጥብጣብ ሆኖ ሳለ፣ የጎንደር ሸማኔዎች ግን መቅደስ የሚጋርድ ግዙፍ ጨርቅ አወጡበት፤ በላዩም የሰዎችንና የመስቀሎችን ምስል በሽመናው ውስጥ አስገቡ። ተመራማሪዎች ከዘመኑ ነገሥታትና ከእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ጋር ያያይዟቸዋል። የሰጪው፣ የወሳጁ ስም በዚህም በዚያም ተጠቅሷል። የሸማኔዎቹ ስም ግን የለም። ስማቸው ባለመኖሩ ሐሩን ያጠላለፉት እጆች ከየት እንደተማሩ፣ ማንን እንዳስተማሩ፣ ሙያው ለምን እንደተቋረጠ የሚከተሉት ፈለግ ጠፋ። ስም ለክብር ብቻ የሚጻፍ አይደለም፤ እውቀት ከየት ወዴት እንደሄደ የሚመራ መዝገብም ነው።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ጥበብ ጨርቅን ከሥዕል ለይቶ አያውቅም ነበር። የግድግዳ ሥዕሎች ብዙዎቹ የተሣሉት በጥጥ ጨርቅ ላይ ሆኖ ኋላ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፉት። የብራና መጻሕፍት ገበታ በውስጥ በኩል በሐርና በጌጠኛ ጨርቅ ይለበጥ ነበር፤ በአንዳንዶቹም ሥዕሉ ላይ ትንሽ መጋረጃ ይሰፋበታል። ጨርቁን ከጥበብ ወደ «ዕደ ጥበብ» ያወረደው ምደባ ከእኛ ልማድ የመነጨ አይመስልም።

የብዙ እጅ ሥራ

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፦ ሸማ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ንድፉም የማኅበረሰቡ ነው። የዱንጉዛን ንድፍ የፈጠረው አንድ ሰው የለም። ታዲያ የአንድን ሸማኔ ስም መጻፍ የጋራውን ለግል መስጠት አይሆንም ወይ? ቅርስን የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ሲያነሡ ከልባቸው ነው፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው።

መልሱን የሚሰጠው የኅትመት ዓለም ነው። ኅትመትም የብዙ እጅ ሥራ ነው። አዲስ አበባ የተወለዱት ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የሠሩት «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» የተሰኘ ባለ ስድስት ክፍል ግዙፍ ኅትመት በአንድ እጅ የሚሆን አልነበረም፤ ከኮፐንሃገኑ የኒልስ ቦርክ የንሰን ማተሚያ ጋር የወጣ ነው፣ ሥራው በታየበት ሁሉም የማተሚያው ስም አብሮ ይጻፋል። ብዙ የኅትመት ወርክሾፖች በወረቀቱ ጥግ ላይ ያለ ቀለም የሚረገጥ የራሳቸው ማኅተም አላቸው። በዚህ ምክንያት የሠዓሊዋ ክብር አልቀነሰም፤ የአታሚዎቹም ሙያ አልተደበቀም። ሸማ ላይም እንዲሁ መጻፍ ይቻላል፤ ፈታይዋ እገሊት፣ ሸማኔው እገሌ፣ ንድፉ የጋሞ፣ የተሠራበት ቦታና ዓመት ይህ። የጋራው የጋራ ሆኖ ይቆያል፤ የተወሰነችው እጅ ደግሞ ትታወቃለች። ማኅሌቱ የሁሉ ቢሆንም የመሪጌታው ስም አይረሳምና።

በአገር ውስጥም ክርን ከዕደ ጥበብ ቅርጫት ያወጣ ሥራ አለ። ኤልያስ ስሜ በሸራ ላይ በክርና በቁልፍ እየሰፉ ጀምረው፣ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገዙትን የኤሌክትሮኒክስ ሽቦ እየጎነጎኑ ታላላቅ ሥራዎች አውጥተዋል። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም የጭቃ ግንብን ያህል «ተራ» የሚባል ሙያ የጥበብ አካል አድርጎ ያሳያል። የክር ሥራን ከሠዓሊ እጅ ሲወጣ ጥበብ፣ ከሸማኔ እጅ ሲወጣ ዕቃ የሚያደርገው ምንድን ነው? ክሩ አይደለም፤ ድካሙም አይደለም። አብዛኛውን የሚሠራው የተጻፈው ስም ነው።

ሌላው ወገን ሸማ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይሞታል ይላል፤ ቦታው ትከሻ ነው፣ ሲታጣፍ፣ ሲወርድ፣ ለሐዘን ሲዘቀዘቅ ነው የሚናገረው። እውነት ነው። ስለዚህም ዐውደ ርዕዩ አለባበሱን በፎቶግራፍ ወይም በፊልም ማሳየት ይኖርበታል። አንድን ነገር ከአገልግሎቱ ለጊዜው ማውጣት ግን በትኩረት የማየት ዕድል ይሰጣል። ትከሻ ላይ ያለ ጥለት በጨረፍታ ያልፋል፤ የተሰቀለው ፊት ግን ክር ለመቁጠር የሚያስችል ጊዜ አለ።

በመጨረሻ የሚመጣው ተቃውሞ ከሸማኔዎቹ ወገን ነው፣ ከሁሉም ይልቅ ሊደመጥ ይገባል። ሸማኔን አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ ማሠራት ሰውን ማስጎብኛ ማድረግ ነው የሚሉ አሉ፤ በበዓላትና በባዛሮች ባህላዊ ልብስ አልብሰው ካሜራ ፊት ሲያስቀምጧቸው የቆዩ ሰዎች ይህን ቢሉ አይገርምም። ሂደቱን ማሳየት ማለት ግን ያንን መድገም አይደለም። የኅትመት መምህር ተማሪዎቹ ፊት ሰሌዳ ሲያትም እንደ ባለሙያ ይታያል፤ ይናገራል፣ ይጠየቃል፣ ያርማል፣ ይከፈለዋል። ሸማኔውም በዚያው ሁኔታ ይጋበዝ። ከመሣሪያው አጠገብ ስሙ ይጻፍ፤ የቀኑ አበል ከአስጎብኚው አይነስ፤ የትኛው ሸማ እንዲሰቀል ሲመረጥ አሳቡ ይጠየቅ፤ ሥራው ከተሸጠም ድርሻው አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ። ይህን ማሟላት የማይችል አዳራሽ ሸማኔውን ባይጋብዝ ይሻላል፤ መግለጫው ላይ ስሙን ለመጻፍ ግን እርሳስና ጥያቄ እንጂ በጀት አያስፈልገውም።